ድዴና የሌንሴ ፍንጭት

ኅዳር 25 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ለሰው መናገር ስለማልችል ለወረቀት ልንገር፤ ስስቅ ድዴ ይታያል።

ትንሽ አይደለም የሚታየው። የላይኛው ከንፈሬ ተሰብስቦ ወደ አፍንጫዬ ይወጣና ከጥርሶቼ በላይ ቀይ ድድ ይቀራል። ጥርሶቼ ምንም አልሆኑም፤ ነጭ ናቸው፣ ተስተካክለው ነው የበቀሉት። ግን አጫጭር ናቸው፤ ድዱ ወርዶ ግማሻቸውን የበላቸው ይመስላሉ። እስከ ትናንት ድረስ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ከእህቴ ከያኔት ጋር ፎቶ ቤት ሄድን። ሠርጓ ጥር 15 ነው፤ እኔና ጓደኛዋ ቢታንያ ሚዜ ነን። ሌንሴም አብራን መጣች። ሌንሴ የአከራያችን የኦቦ ዱቤ ልጅ ናት፤ ሰበታ ከመጣን ጀምሮ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሠርጉን የሚያነሳው ዮፍታሔ ካሜራውን ሊሞክር እኔንና ሌንሴን "እስቲ እዚህ ጋ ቁሙ" አለን። ሌንሴ ስለ ቢታንያ ጫማ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በጆሮዬ አለችኝ። ሳቅኩ። ራሴን ረስቼ ሳቅኩ። እሱም አነሳን።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ሁሉም ተሰብስበው አዩ። የሌንሴ ፍንጭት መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሰው ሁሉ የሚወደው ያ ክፍተት። ከጎኗ እኔ አለሁ።

"ውይ አትክልትዬ" አለች ቢታንያ፤ "ይሄ ሁሉ ድድ እስከዛሬ የት ተቀምጦ ነበር?"

ያኔት አልሳቀችም። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ "የዚያን ቀን አፍሽን ገጠም አድርገሽ ፈገግ ካልሽ ይበቃል፤ እሺ የኔ ቆንጆ?" አለችኝ። በቢታንያ ብዙም አልተናደድኩም። እንቅልፍ የነሳኝ የያኔት ቀስ ብሎ መናገር ነው። ቀድማ አስባበት ነበር ማለት ነው።

ከመውጣታችን በፊት ወደ ኋላ ቀርቼ ዮፍታሔን "አጥፋው" ብዬዋለሁ።

"ምኑን?"

"ፎቶውን።"

"እሺ" አለ። ግን እጁ ኮምፒውተሩን አልነካም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

የአባዬ ሱቅ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ መስታወት። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከወደቅኩ ወዲህ እዚያ ነው የምውለው። መስታወቶቹ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ዛሬ ደንበኛ በሌለ ቁጥር ከንፈሬን ወደ ታች እየጎተትኩ መሳቅ ተለማመድኩ። ጥርሱን የሚያመው ሰው መሰልኩ፤ ደንበኛ ሲገባ ሻሼን ስቤ አፌን ሸፈንኩ።

የሰውም አፍ ማየት ጀምሬያለሁ። አናጢው ተረፈ ጥርሱ የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል። ሲስቅ ግን ከንፈሩ ልክ ጥርሱ የሚጀምርበት ላይ ይቆማል፤ ደስ ይላል። ሲሚንቶ የምትገዛዋ ሴትዮ ጥርሷ ጨርሶ አይታይም፤ የምትስቅም አትመስልም፤ ያረጀች ትመስላለች። ከንፈር ብዙ ካልወጣ ያስረጃል፣ ብዙ ከወጣ ያስቀይማል። እግዜር ልክ ያለ ቦታ ለአንዳንዱ ሰጠ፣ ለአንዳንዱ ረሳ።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች። ድዷ እንደኔ ነው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ፀጉሯን ሲጎትት ከት ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ነው ድዷን ማየቴ ትዝ ያለኝ።

ይህን ምን ብዬ ልቁጠረው?

ኅዳር 30፣ ሐሙስ

መላው ተገኘ።

እማዬ ድዷ የተነቀሰ ነው። ልጅ ሆና ጎጃም ነው የነቀሷት፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ ስትስቅ ልብ ብዬ አየኋት፤ ድዷ አይታይም፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሚያበራው። የኔም ጥቁር ቢሆን ማን ያየዋል? ጨለማ ውስጥ እንደገባ ዕቃ ይጠፋል።

ተፍኪ ከተማ እማማ ብርቅዬ የሚባሉ ነቃሽ አሉ፤ የእማዬን የማኅበር ጓደኛ ልጅ የነቀሱ። ድዱ ካበጠ ቶሎ አይጎድልም ይላሉ፤ ስለዚህ ከሠርጉ በፊት ጊዜ ያስፈልገኛል።

ማታ ለሌንሴ ነገርኳት። ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላን ነበር።

"ማል ታቴ አንቺ?" አለችኝ። ምን ነካሽ ማለቷ ነው። "ንቅሳት? በዚህ ዘመን? ፋራ ልትሆኚ?"

"አንቺ ምን አለብሽ፣ ፍንጭት አለሽ።"

"ፍንጭት ማለት እኮ የጎደለ ቦታ ነው። ጎዶሎዬን ነው ሰው የሚያሞግሰው።" ጀሪካኗን ከደነች። "እሺ በቃ አትኩረፊ። አክስቴ ተፍኪ ነው ያለችው። ስሄድ እጠይቅልሻለሁ።"

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ቶሎ ልጻፍ። ሱቅ ተዘግቷል። ትናንት የሌንሴ ትምህርት ቤት ልጆች ለተቃውሞ ወጡ። ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን ይላል ሰው ሁሉ። መንገዱ ላይ ጎማ ሲቃጠል ሸተተን። አባዬ የብረት በሩን በሁለት ቁልፍ ዘጋው። ያኔት ስልክ ላይ ታለቅሳለች፤ የሙሽራው የኪሩቤል ዘመዶች ሽማግሌ ልከው "ሠርጉ እንዴት ይሆናል" ብለዋል።

እኔ ስለ ተፍኪ መንገድ አስባለሁ። አፍሬያለሁ፤ ግን አስባለሁ።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ኦቦ ዱቤ መጡ። አባዬ ተነስቶ "ይግቡ እንጂ" አላቸው፤ በራፉ ላይ ቀሩ።

"አካም ቡልተን" ብለው እንዴት እንዳደርን ሁላችንንም ጠየቁ። ከዚያ ለአባዬ "ሱቁን ለምን ዘጋህ?" አሉት።

"ያው ኦቦ ዱቤ፣ ጊዜው…"

"ጊዜው እኔንም አስጨንቆኛል። የእርሻ መሬቴን ከተማው በልቶት ይህ ግቢ ነው የቀረኝ። አሁን ደግሞ ማስተር ፕላን የሚባል ሌላ ካርታ ወጣ አሉን፤ አዲስ አበባ እስከዚህ ትመጣለች አሉን። ልጆቹ ቢጮሁ ምን ይገርማል? አንተ ግን ጎረቤቴ ነህ። ክፈት። ማንም አይነካህም።"

"እሺ" አለ አባዬ። ሲሄዱ ግን ለእማዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ግን እሳቸው አይደለም። ሠርጉን አዲስ አበባ እናድርገው፤ ከዚያም ቤት እንፈልግ" ሲል ሰማሁት። ሌንሴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ መስኮቱ ስር ቆማ ነበር። ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ገመዱ ላይ ያንኑ ቀሚስ ደግማ ደጋግማ አስተካከለችው።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

እኔ ከግቢ እንዳልወጣ አባዬ ከልክሎኛል። ሌንሴ መንገዱ እስኪረጋጋ እንጠብቅ አለችኝ። እኔ ደግሞ "ድዱ ካበጠ አይደርስም እኮ" አልኳት። "ዛሬ ሚኒባስ እየሄደ ነው አሉ። ሄደሽ ጠይቀሻቸው ብቻ ነይ፤ መቼ እንደሚመቻቸው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ልጅ ከንፈርሽን ካልሰፉልሽ አታርፊም" አለችና ሳቀች። ሻሿን አስራ ሄደች።

ታኅሣሥ 5፣ ማታ

አልተመለሰችም። ስልኳ አይሠራም። ኦቦ ዱቤ መንገድ ላይ ወጥተዋል። ማንም ወዴት እንደሄደች አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ተመልሳለች። ሰዎች ደግፈው ነው ያመጧት። ጥርሷ።

ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ከተፍኪ ስትመለስ ሚኒባሱ መንገድ ተዘግቶበት ሁሉንም አወረዳቸው። በእግር ሲመጡ ሕዝቡ ከፊት እየሮጠ መጣባቸው። ዱላ ይሁን ድንጋይ አላወቀችም። ወድቃ ስትነሳ የላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶች የሉም። ስልኳም እዚያው ቀርቷል። ይህን ሁሉ የሰማሁት እማዬ ለጎረቤት ስትነግር ነው።

ለማንኛውም መውጣቷ አይቀርም ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ ወጥተው ነበር። እሷም በዚያ ሳምንት ካርታውን እያነሳች ስትናደድ ነበር። ዛሬ ባትወጣ ነገ ትወጣ ነበር።

ዛሬ ቧንቧው ጋ በመስኮት አየኋት። በሻሽ አፍንጫዋ ድረስ ተሸፍናለች። ጀሪካኑ እስኪሞላ ጀርባዋን ወደ እኛ ቤት ሰጥታ ቆመች። ጀሪካኔን ይዤ በር ላይ ነበርኩ። እስክትገባ ጠበቅኩ።

እማዬ አጥሚት ሠርታ "ውሰጂላት" አለችኝ። ራሴን ያመኛል አልኩ። እውነትም አመመኝ።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ሱቅ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ቡራዩም እንደዚሁ ነው ይላሉ፤ ከሱሉልታ የመጣ ሾፌርም ያንኑ አወራ። ሠርጉ ሰበታ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፣ ይራዘማል፣ አይራዘምም። ያኔት ከስታለች፤ ቀሚሱ መጥበብ አለበት።

ለሠርጉ ፎቶ ሲፈለግ የአባዬ የድሮ ጉርድ ፎቶ ወጣ፤ ሪዝ ሳያበቅል የተነሳው። ሲስቅ ነው ያነሱት። ከንፈሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ድዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ፎቶውን አየሁት፣ አባዬን አየሁት። ሪዙ! ይህን ሁሉ ዘመን በሪዙ ሸፍኖታል። ሰው የአባዬን ሳቅ ይወዳል፤ "የዓባይነህ ሳቅ ከሩቅ ይሰማል" ይላሉ። ድዴ የአባዬ ነው፤ ሪዙን ብቻ ነው ያላወረሰኝ።

ይህን ለሌንሴ ብነግራት ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። ለመንገር ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለማንኛውም መውጣቷ አይቀርም ነበር።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

እማማ ብርቅዬ መጡ።

እኔ አልጠራኋቸውም። ሰበታ ያለች ልጃቸው ቤት ለበዓል መጥተው "ባለፈው መልእክት ልካ የነበረችው ልጅ የት ናት" እያሉ ጠይቀው ወደ ግቢያችን ገቡ። መልእክቱ ደርሷቸዋል ማለት ነው። ሌንሴ ተፍኪ ደርሳ፣ አግኝታቸው፣ ነግራቸው ነው የተመለሰችው።

እማዬ ሳትሰማ ጓሮ ወሰድኳቸው። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

"ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ከንፈሬን በአውራ ጣታቸው ገለበጡት።

"እሰይ! ሰፊ ድድ ነው ያለሽ። ይህ ሲነቀስ ነው የሚያምረው። አንዳንዷ ትመጣለች፣ ስትስቅ ድዷ አይታይ፣ መርፌዬን አባክኜ ምን አገኛለሁ? አንቺ ግን ከሩቅ ትታያለሽ።"

"እንዲታይ አይደለም" አልኩ። "እንዳይታይ ነው።"

እጃቸውን አነሱ። "ምን አልሽ?"

"ጥቁር ከሆነ… ይደበቃል ብዬ ነው።"

ትንሽ አዩኝና ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። የራሳቸው ድድ ጥቁር ነው፤ አዎ ይታያል፤ እንዴት ነው እስከዛሬ ያላየሁት? ከጥርሳቸው በፊት እሱ ነው የሚታየው።

"ልጄ፣ ለመደበቅ የተነቀሰ ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ በመርፌ የተሰቃየነው እንዲታይልን ነው። በኛ ጊዜ ከንፈሯ ከፍ የሚል ልጅ ናት የሚቀናባት። እናትሽን ጠይቂያት።"

እማዬን ማታ ጠየቅኳት። "የኔማ ግማሹ ነው የሚታየው" አለች፤ ቅር ያላት ይመስላል። "ነቃሿ ‘ከንፈርሽ ንፉግ ነው’ ብላኝ ነበር።"

አንድ ድድ ነው። እናቴ አገር ብወለድ ይቀኑብኝ ነበር፤ እዚህ ቢታንያ ትስቅብኛለች። የአባዬ ሪዝ ስር ሲሆን ደግሞ ማንም አያውቀውም። የቱ ነው እውነተኛው መልኬ?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ሌንሴ ተፍኪ ድረስ የሄደችው እኔ ሳላውቅ ላሰብኩት ነገር ነው። ንቅሳት ይደብቅ እንደሆነ እማዬን አንድ ጊዜ ብጠይቃት ኖሮ…

ለማንኛውም መውጣቷ

ጥር 4፣ ረቡዕ

ትናንት ማታ በዜና ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከሩቅ እልልታ ተሰማ፤ ከዚያ እንደገና ጸጥ አለ። አባዬ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ "እንግዲህ" አለ። ያኔት ግን ስልኳን አንስታ ወጣች፤ ሠርጉ እዚሁ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ኦቦ ዱቤ መጡ። ዛሬ ገብተው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አባዬን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

"አትክልት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"አቤት ኦቦ።"

"ሌንሴን አዲስ አበባ ጥርስ ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሁለቱን ይሠሩላታል። ግን ገጥመን ነው የምንሠራው አሉ፤ ክፍተት ውበት አይደለም አሉ። እሷ እምቢ አለች። ‘የሰው አፍ ይዤ አልዞርም’ ብላ እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀሰች። ሐኪሙም ደግ ሰው ነው፤ ‘እንግዲያው የድሮ ጥርሷ የሚታይበት ፎቶ አምጡ፣ እንደነበረው እሠራለሁ’ አለኝ። ቅዳሜ ነው ቀጠሯችን። ቤት ያለው የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ አፏ ዝግ ነው። ስልኳ ጠፋ። አንድ ጊዜ አብራችሁ ፎቶ ቤት ሄዳችሁ ነበር አሉ። አለ?"

አባዬ አየኝ። እማዬ አየችኝ።

"አላውቅም" አልኩ። "የጠፋ ይመስለኛል።"

"ሂን ጅሩ?" አሉ ቀስ ብለው፤ የለም ማለት ነው። ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ገለቶሚ ልጄ።" አመሰገኑኝ። አመስግነውኝ ወጡ።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ግቢውን ዛሬ አቋረጥኩ። ከኛ በር እስከ እነሱ በር ልብስ ማስጫው ገመድ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ወር ሙሉ ግን ወንዝ ነበር።

ሌንሴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስገባ ሻሿን ወደ ላይ ሳበች። ያን አሳሳብ አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው።

"መጣሽ?" አለች። ድምፅዋ በጥርሷ ክፍተት ውስጥ ይነፍሳል።

"መጣሁ።"

"ተነቀስሽ?"

"አልተነቀስኩም።"

"ለምን? ሴትዮዋን እኮ አግኝቻት ነበር።"

"ንቅሳት አይደብቅም አሉኝ። እንዲያውም ያሳያል አሉኝ። ሰው የሚነቀሰው ድዱ እንዲታይለት ነው አሉኝ።"

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መሰለኝና ተነሳሁ።

"ለዚህ ነው እንዴ" አለች ሻሿ ውስጥ፤ "ለዚህ ነው እንዴ እኔ ተፍኪ ድረስ የሄድኩት?" እየሳቀች ነበር። በሁለት እጇ አፏን ይዛ እየሳቀች ነበር። ዓይኗ ግን አልሳቀም፤ እንባ ሞልቶታል።

"እኔ ነኝ የላክሁሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ እኮ። እኔ ነኝ የሄድኩት።" ሻሿን አስተካከለች። "እዚህ ለመምጣት ግን እንዴት ይሄን ያህል ቆየሽ? ግቢው ውስጥ ማስተር ፕላን አልወጣ።"

የአባዬን ሪዝ ነገርኳት። አላመነችም፤ ሠርጉ ላይ አጎንብሼ አያለሁ አለች። ከዚያ "ፎቶውን አጠፋው፣ አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ። ትናንት ለአባቷ ያልኩትን ነበር ያልኩት፤ ዛሬ ግን እውነት ነው፤ አላውቅም። አንድ ወር ሙሉ ዮፍታሔ ያን ፎቶ አጥፍቶት በሆነ ብዬ እየተመኘሁ ነበር የምተኛው። ዛሬ ደግሞ "እሺ" ሲለኝ እጁ አለመንቀሳቀሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ያን አንድ ነገር ይዤ ነው የምተኛው።

ነገ ጠዋት ሱቅ ሳልገባ ፎቶ ቤት እሄዳለሁ። ሻሽ አልይዝም። ዮፍታሔን "ያን አጥፋው ያልኩህን ፎቶ ፈልግልኝ" እለዋለሁ። ካላጠፋው ትልቅ አድርጎ እንዲያትመው እነግረዋለሁ። ለኔ አዝኖ "የሌንሴን ብቻ ቆርጬ ላውጣልሽ?" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሌንሴ ስትስቅ ግን ራሷን ወደኔ አዘንብላ ጉንጫችን ተነካክቷል፤ እኔ ከተቆረጥኩ የአፏ ዳር አብሮ ይቆረጣል፤ ሐኪሙ ደግሞ ዳሩንም ማየት አለበት። ስለዚህ "አትቁረጠኝ" እለዋለሁ። ሐኪሙ ድዴን ይየው። ዮፍታሔም እንደገና ይየው። ከዚያ ፎቶውን ይዤ ለኦቦ ዱቤ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።